ሞተሩ አየርን በቁና ይሰፍራል፦ ካርቡሬተር በባሕር ዳር ከፍታ እንዴት ይስተካከላል?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠግኖ መያዝ ለብዙ ሰው የግድ ሆኗል። መጠገን ብቻ ሳይሆን ጉልበቷን መጨመር የሚፈልጉ ወጣቶችም አሉ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣው የውድድር ካርቡሬተር ያመጣላቸዋል፤ ካርቡሬተሩ ይገጠማል፤ መኪናዋ ግን ጥቁር ጭስ ታጨሳለች፣ ቤንዚን ትጨርሳለች፣ ዳገት ላይ ትንተፋተፋለች። ያን ጊዜ አንዱ ካርቡሬተሩ ብልሽት አለበት ይላል፤ ሌላው ሞተሩ አልቋል ይላል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ስህተት ነው። ካርቡሬተሩ የተስተካከለው ለሌላ አገር አየር ስለሆነ ነው እንዲህ የሚሆነው።

ካርቡሬተር በትክክል ምን ይሠራል?

ካርቡሬተር ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከቤንዚን ጋር በልክ የሚቀላቅል ዕቃ ነው። ፓምፕ ሆኖ ቤንዚን አይገፋም። አየሩ ራሱ ቤንዚኑን እንዲስበው ያደርጋል።

ከጥስ አባይ ፏፏቴ በታች፣ አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ባለበት፣ አባይ በጠባብ የድንጋይ ቦይ ውስጥ ሲያልፍ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሰፊ የነበረው ውኃ ሲጠብ ፍጥነት ይጨምራል። በካርቡሬተር ውስጥም አየሩ የሚያልፍበት ጠባብ አንገት አለ፤ ቬንቹሪ ይባላል። አየር በዚህ አንገት ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል። ከአንገቱ አጠገብ በትንሽ ጓዳ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን ደግሞ የውጭውን አየር ሙሉ ግፊት እንደተሸከመ ነው። ስለዚህ ግፊቱ ወደ ቀነሰበት ወደ አንገቱ ይገፋና እንደ ጉም ተበትኖ ከአየሩ ጋር ይሄዳል። በመንገዱ ላይ መጠኑን የሚወስነው ጄት የሚባል፣ መሐሉ የተበሳ የጥፍር ያህል የናስ ብሎን ነው። የጓዳውን የቤንዚን ከፍታ ደግሞ ተንሳፋፊው ይጠብቃል፦ ቤንዚኑ ሲሞላ ወደ ላይ ተነሥቶ መግቢያውን ይዘጋል፣ ሲጎድል ወርዶ ይከፍታል።

ትክክለኛው ድብልቅ ስንት ነው?

የእንጀራ ሊጥ ሲወፍር ምጣድ ላይ በደንብ አይሰፋም፣ ሲቀጥን ደግሞ ይበጣጠሳል። የአየርና የቤንዚን ድብልቅም እንዲሁ ልክ አለው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ከፍተኛ ጉልበት የሚገኘው ግን ቤንዚኑ ትንሽ በዛ ሲል ነው፤ ነዳጅ መርገጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ከ12.5 እስከ 13 ኪሎ አየር ይመከራል። በዝግታና ያለ ጭነት ሲሄድ ወደ 14.7 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቢጠጋ ቤንዚን ይቆጠባል።

ከልኩ ማለፍ በሁለቱም በኩል ጉዳት አለው። ቤንዚን ሲበዛ ድብልቁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ሞተሩም ቀስ በቀስ ይበላል። ቤንዚን ሲያንስ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ፈጣን ነው፦ ሙሉ ጭነት ላይ ሙቀቱ ይንራል፣ ድብልቁ በራሱ ጊዜ እየፈነዳ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ቫልቭ ይቃጠላል፣ ሲብስም ፒስቶን ይበሳል። ስለዚህ ጥንቁቅ መካኒክ ሁልጊዜ ከበዛበት በኩል ጀምሮ ወደ ልኩ ይወርዳል እንጂ ከአነሰበት ተነሥቶ አይወጣም።

የባሕር ዳር አየር ምን የተለየ ነገር አለው?

የብዙ ሰው ግራ መጋባት የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካሉ አገሮች ግፊት ወደ 80 በመቶ ገደማ ነው። የጣና ውኃ አጠገባችን ቢሆንም አየራችን የደጋ አየር ነው፤ ውኃ እንኳ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው።

እህል በቁና የሰፈረ ሰው ቁና መጠንን እንጂ ክብደትን እንደማይነግረው ያውቃል። አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ገለባ መስፈሪያው ላይ እኩል ናቸው፤ ሚዛን ላይ ግን አይገናኙም። ሞተርም አየርን የሚሰፍረው በቁና ነው። 1,290 ሲሲ የሆነው የቶዮታ ኮሮላ 4ኬ ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ቁናውን ይሞላል፤ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር 3,000 ጊዜ ይሰፍራል ማለት ነው። ቢበዛ በደቂቃ 3,870 ሊትር አየር ያልፍበታል። ይህ ሊትር ጅቡቲ ወደብ ላይም ባሕር ዳርም አንድ ነው፤ በውስጡ ያለው አየር ክብደት ግን እዚህ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የሚቃጠለው ቤንዚን ደግሞ የአየሩን ክብደት እንጂ ሊትሩን አያውቅም።

ታዲያ አየሩ ሲሳሳ የሚሳበው ቤንዚንም በዚያው ልክ ለምን አይቀንስም? ይቀንሳል፣ ግን በዚያው ልክ አይደለም። በጄት ውስጥ የሚያልፈው ቤንዚን የሚከተለው የመሳቡን ግፊት ካሬ ሥር ነው። አየሩ ወደ 81 በመቶ ሲወርድ የሚሳበው ቤንዚን ወደ 90 በመቶ ብቻ ይወርዳል። አየሩ በ19 በመቶ ቀንሶ ቤንዚኑ በ10 በመቶ ብቻ ስለቀነሰ ድብልቁ በ11 በመቶ ገደማ ይወፍራል፣ ማለትም ቤንዚን ይበዛበታል። ባሕር ዳርቻ ላይ 12.8 ሆኖ የተስተካከለ ካርቡሬተር ማንም ሳይነካው እዚህ ሲደርስ 11.5 ይሆናል። ጥቁሩ ጭስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ስሌት ይወጣል። የጄቱ ቀዳዳ ስፋት በ10 በመቶ ያህል መጥበብ አለበት። በብዙ ካርቡሬተሮች ጄት ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን የቀዳዳው ዲያሜትር በመቶኛ ሚሊሜትር ነው፦ 120 ማለት 1.20 ሚሊሜትር ነው። ስፋት በ10 በመቶ ሲቀንስ ዲያሜትር የሚቀንሰው በ5 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ 120 የነበረው ወደ 115 ይወርዳል። ከ120 ወደ 108 ያወረደ ሰው ስፋቱን በ19 በመቶ ቀንሷል፤ እንዲህ ያለው ስህተት ሞተር ሊያቃጥል ይችላል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። ጄት መቀየር ድብልቁን ያስተካክላል እንጂ የጠፋውን አየር አይመልስም። በዚህ ከፍታ ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ዳርቻ ጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል፤ ይህንን በካርቡሬተር ብሎን የሚመልስ መካኒክ የለም። በትንሹ የሚያካክስ ነገር አለ፦ አየሩ ሲሳሳ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ብሎ ድብልቁ ቀስ እያለ ስለሚቃጠልና የመንኳኳት ዝንባሌውም ስለሚቀንስ፣ የካንዴላውን የእሳት ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ይቻላል።

ካርቡሬተሩ ከመነካቱ በፊት ምን መታየት አለበት?

አባይ ማዶ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ያየሁት ነገር ቅደም ተከተል ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ ያስረዳል። ዌበር 40 የሚባሉ ሁለት የጣሊያን ካርቡሬተሮች የተገጠሙላት፣ ያው 4ኬ ሞተር ያላት ዲኤክስ ኮሮላ ገብታ ነበር። ባለቤቷ ወጣት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ቤንዚን ትጠጣለች እንጂ አትሄድልኝም፤ ጄቱን አሳንሱልኝ» አለ። ሽማግሌው መካኒክ ካቻቢቴ አላነሡም። «መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጣልኝ፣ በየተራቸው ደርድራቸው» አሉት። አራቱ ካንዴላዎች በጨርቅ ላይ ተደረደሩ። ሦስቱ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። አራተኛው ግን ነጭ ነበር፤ ሸክላው የተላሰ አጥንት መስሏል።

ሽማግሌው ሞተሩን አስነሥተው በአራተኛው ሲሊንደር የአየር ማስገቢያ መገጣጠሚያ ላይ ትንሽ ውኃ አፈሰሱ። ውኃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። በመገጣጠሚያው መካከል ገብቶ የሚደፍነው ጓርኒሲዮን ተቀዷል፤ በዚያ በኩል ሳይለካ የሚገባ አየር አራተኛውን ሲሊንደር ብቻ ቤንዚን ያስርበዋል። ልጁ እንደጠየቀው አራቱም ጄቶች ቢያንሱ ኖሮ ሦስቱ ሲሊንደሮች ይሻላቸው፣ አራተኛው ፒስቶን ግን ይቃጠል ነበር።

ስለዚህ ካርቡሬተር የሚነካው ሌላው ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሲሊንደሮቹ የመጭመቅ ኃይልና የቫልቭ ክፍተት፣ ቀጥሎ የእሳቱን ኤሌክትሪክ እየቆረጠ የሚቀጥለው ፑንቲና፣ ካንዴላውና የእሳት ጊዜው፣ ከዚያም አየር የሚያሾልክ መገጣጠሚያ መኖር አለመኖሩ ይታያል። የቤንዚን ፓምፑ ግፊትም ይለካል፤ ለዌበር ዓይነቶቹ ዝቅተኛ ግፊት ይበቃል፣ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያለ መቆጣጠሪያ ከተገጠመ ተንሳፋፊውን አሸንፎ ቤንዚኑን ያፈስሰዋል። የተንሳፋፊው ከፍታ የሚስተካከለውም ከጄት በፊት ነው።

የትኛው ክፍል የትኛውን ፍጥነት ያዛል?

ካርቡሬተር አንድ መንገድ ብቻ ያለው ይመስላል፤ በውስጡ ግን በየተራቸው የሚሠሩ የተለያዩ መስመሮች አሉ። እግር ከነዳጅ መርገጫው ላይ ሲነሣ፣ ማለትም በሚኒሞ፣ ቤንዚኑ የሚመጣው በራሱ በትንሹ የሚኒሞ ጄት በኩል ነው፤ መጠኑንም ከውጭ ያለው የድብልቅ ብሎን ያስተካክለዋል። መርገጫው በትንሹ ሲረገጥ ቤንዚኑ በመሸጋገሪያ ቀዳዳዎች ይወጣል፤ እነዚህንም የሚመግባቸው ያው የሚኒሞ ጄት ነው። ከጊዮርጊስ አደባባይ ወደ ሽምብጥ በዝግታ የሚነዳ ሰው ዋናውን ጄት እምብዛም አይነካውም። በከተማ ውስጥ ቤንዚን ትበላለች ተብሎ ዋናው ጄት ሲቀየር ለውጥ የማይታየው ለዚህ ነው።

ዋናው ጄት የሚገባው መርገጫው ጠለቅ ሲል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ፍጥነት ሁሉ ያዛል። ከእሱ በላይ የአየር ጄት የሚባል ሌላ ብሎን አለ፤ ቤንዚኑ ወደ አንገቱ ከመውጣቱ በፊት ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ትንሽ ቱቦ ውስጥ አየር ይቀላቅልበታል። የአየር ጄቱ ሲተልቅ ድብልቁ ይሳሳል፤ ይህ በይበልጥ የሚታወቀው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲዞር ነው። መርገጫው በድንገት ሲረገጥ ደግሞ አየሩ ከቤንዚኑ ቀድሞ ስለሚሮጥ፣ ትንሽ ፓምፕ አንድ ጭላፊ ቤንዚን ይረጫል። መኪናዋ ሲረገጥባት ለአፍታ ደንገጥ ብላ ከዚያ የምትሄድ ከሆነ መታየት ያለበት ይህ ፓምፕ ነው።

በብዙ የሞተር ብስክሌትና የባጃጅ ካርቡሬተሮች የመካከለኛውን መስመር ሥራ የሚሠራው ከፍ ዝቅ የሚል ሹል መርፌ ነው። የመርፌው መያዣ ወደ ላይኛው ጭረት ሲወጣ መርፌው ይወርድና ቤንዚኑ ያንሳል፤ ይህን ገልብጠው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው።

ትልቅ ካርቡሬተር የበለጠ ጉልበት ይሰጣል?

ሞተሩ ሊውጠው ከሚችለው በላይ ከሆነ አይሰጥም። ለአሜሪካ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች የተሠራ ባለ አራት አፍ ሆሊ ካርቡሬተር በደቂቃ 17,000 ሊትርና ከዚያ በላይ አየር እንዲያሳልፍ ሊሠራ ይችላል። የዲኤክሷ ሞተር ቢበዛ 3,870 ሊትር ነው የሚፈልገው። በሰፊ አንገት ውስጥ ጥቂት አየር ሲያልፍ አይፈጥንም፤ ካልፈጠነ አይስብም፤ ቤንዚኑም ሳይበተን በጠብታ ይገባል።

አነስተኛ ሞተር ያለው ሰው የሚያዋጡት አማራጮች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው የፋብሪካውን ካርቡሬተር አጽድቶ፣ ያለቁትን ጓርኒሲዮኖች ቀይሮ፣ ጄቱን ለዚህ ከፍታ ማስተካከል ነው፤ በእኔ ግምት ከሚመጡት መኪኖች ለአብዛኞቹ ይህ ይበቃቸው ነበር። ሁለተኛው ባለ ሁለት አፍ ዌበር 32/36 ነው። ባለ 32 ሚሊሜትሩ አፍ ቀድሞ ይከፈታል፤ ባለ 36ቱ መርገጫው ሲጠልቅ ይከተላል። ለከተማም ለዳገትም ስለሚስማማ ለዕለት መኪና የተሻለው ምርጫ ይመስለኛል። ሦስተኛው እንደ ልጁ መኪና ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አፍ የሚሰጡ ሁለት ዌበር ዲሲኦኢ 40 መግጠም ነው። ኤዶአርዶ ዌበር በ1923 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ የጀመረው ድርጅት ስሙን ያተረፈው በእንዲህ ያሉት ካርቡሬተሮች ነው። ውስጣቸው ያለው ሁሉ፣ አንገቱ ራሱ ሳይቀር፣ የሚቀየር ነው። ማስተካከያቸው ሰፊ የሆነው፣ አሳሳችም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእነዚህ የተለመደው መነሻ የአንገቱን ሚሊሜትር በአራት ማባዛት ነው፦ 30 ሚሊሜትር አንገት 120 ዋና ጄት ይፈልጋል፤ የአየር ጄቱ በዚያ ላይ 50 ተጨምሮ 170 ይሆናል። ይህ መነሻ የወጣው ግን ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል መሳባቸውም መረጋገጥ አለበት። መለኪያ ከሌለ የቁራጭ ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን በየአፉ ላይ አድርጎ የሚሳበውን አየር ድምፅ ማነጻጸር ይቻላል።

ውጤቱ በምን ይለካል?

የካንዴላ ቀለም የመጀመሪያውን ፍንጭ ይሰጣል፤ ዛሬ ባለው እርሳስ አልባ ቤንዚን ግን ብቻውን አይታመንም። የተሻለው ከጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የሚታሰር የኦክስጅን መለኪያ ነው። ሰፊ መጠን የሚያነበው ዓይነት ድብልቁ 11.5 ይሁን 13 በቁጥር ያሳያል፤ ክርክሩንም ያቆማል።

የቫኪዩም መለኪያ፣ ማለትም የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚያነብ መሣሪያ፣ የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። በመጽሐፍ ላይ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ18 እስከ 20 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል የሚለው ለባሕር ዳርቻ ነው። በየ300 ሜትሩ ወደ አንድ ኢንች ስለሚቀንስ፣ እዚህ ከ12 እስከ 14 የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ነው። ይህ ባለመታወቁ ብቻ ደህና ሞተር ሊፈታ ይችላል።

ማስተካከያው አንድ በአንድ ይደረጋል፤ አንድ ጄት ተቀይሮ ይነዳል፣ ይለካል፣ በደብተር ይጻፋል። ሁለት ነገር አብሮ የቀየረ ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም። የሙሉ ርግጫ ሙከራ ብስክሌት በበዛበት በባሕር ዳር ጎዳና ላይ ፈጽሞ አይሞከርም። የአየር ፊልትሮም ተገጥሞ ነው የሚለካው፤ ለድምፁ ሲባል ፊልትሮ አውጥቶ የሚነዳ ሰው ሞተሩን አቧራ እያበላው ነው፣ ፊልትሮው ሲመለስም ልኬቱ ይለወጥበታል።

መኪናው ከባሕር ዳር ሲወጣስ?

ካርቡሬተር በመኪና ኮምፒዩተር እንደሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ የአየሩን ግፊት ለክቶ ራሱን አያስተካክልም። አዲስ አበባ ከእኛ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ በልክ የተስተካከለው እዚያ በትንሹ ይወፍራል፤ በተቃራኒው አዲስ አበባ ላይ ተስተካክሎ የመጣው እዚህ በሦስት በመቶ ያህል ይሳሳል። በመንገድ ላይ ያለው የአባይ በረሃ ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ሲወርዱ ጭነት ስለሌለ ችግር የለውም፣ ከታች ተነሥቶ በሙቀቱ ዳገቱን ሲጀምሩ ግን ድብልቁ ከሚገባው በላይ ሳስቶ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቆማ የነበረች ሞቃት መኪና አልነሣ የምትለውም ቤንዚኑ በካርቡሬተሩ ጓዳ ውስጥ እየፈላ ስለሚተን ነው። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም መለያ ማስገባት ይረዳል። በጀሪካን የተገዛና ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲገባ ደግሞ ሞተሩ መንኳኳት ይጀምራል፤ ያንን በጄት ማስተካከል አይቻልም፣ ቤንዚኑ ተቀድቶ መውጣት አለበት።

የልጁ ዲኤክስ ጓርኒሲዮኗ ተቀይሮ፣ ዋናው ጄት 115 ገብቶላት፣ ሙሉ ርግጫ ላይ 12.8 አሳየች። ልጁ ግን በጎንደር በኩል ወደ መተማ ይመላለሳል፤ መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ ሙቀቱም ከባድ ነው። እዚያ ያው 115 ድብልቁን ከ13 በላይ ያሳሳዋል። ስለዚህ ሽማግሌው አራቱን የ120 ጄቶች በክብሪት ቀፎ ከተቱለት፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ለቆላ» ብለው ጽፈው፣ ከመሪው አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ እንዲያስቀምጠው ሰጡት።